አንድ ሥጋ፣ አንድ እጅ

አክስቴን ከቤታችን ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን ታሪክ ለማንም ሳወራ ዕድሜዬን ሁሌ አስቀድማለሁ፤ የሰማኝ ሰው «ውይ፣ ልጅ ነበርሽ እኮ!» እንዲለኝ። ይለኛልም። ለአፍታ ቀለል ይለኛል፣ ከዚያ ያው ነገር ተመልሶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ዛሬ እንደሆነው አድርጌ ልናገረው፤ ልጅነቴንም ሳልደብቅ፣ ልጅነቴ ውስጥም ሳልደበቅ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር። አክስቴ «ለአንድ ወር ልጅቷን ልያዝልህ» ብላ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች፤ ስድስት ዓመት ቀረች። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ የቤት ሥራዬን የምታየው እሷ፣ ሲያመኝ ግንባሬን የምትዳብሰው እሷ፣ ስዋሽ ጆሮዬን የምትቆነጥጠው እሷ ነበረች። አባቴ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ይቀባል። ማታ ሲመጣ ገና በሩን ሳይከፍት የቲነሩ ሽታ ቀድሞት ይገባል። እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር፤ አባት ሁሉ እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀለም ቀቢ ነው፤ እሑድ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ አሮጌ በርሜል ከጋራዥ አምጥቶ፣ በቁመቱ ሰንጥቆ፣ እግር በይዶለት፣ የብረት ፍርግርግ ሠርቶለት ጓሯችን ውስጥ አቁሞታል። በየወሩ የመጨረሻው እሑድ እሱና ጓደኞቹ በዚያ በርሜል ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የሰፈሩ ሰው «ፍመኞቹ» ይላቸዋል። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በዶሮ የሚደርስበት የለም። አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ስትስቅ የጎረቤት ውሻ የሚጮህባት። አንዱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው የጠበሱት ሁሉ ያርራል፣ ግን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? እንደነሱ ስለ ሥጋ የሚያወራ ሰው ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። ስለ ልጆቻቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

«ፍሙ አመድ ሳይለብስ ነው ሥጋ የምትጥልበት? አንተ ሰው አይደለህም!» ትላለች ጋጋሪዋ።

«ኧረ እባክሽ በሎሚ አትግደዪው፣ አንዴ ሞቷል!» ይላል ሐኪሙ።

ፍመኞቹ ደንብ ነበራቸው። ዳኛው በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ በፕላስቲክ አስለብጠው፣ በጓሯችን ግድግዳ ላይ በአራት ሚስማር መትተውታል። አንቀጹ ብዙ ነው፤ ዋናው ግን አንድ ነው፦ አንድ ሥጋ፣ አንድ እጅ። ሥጋው ከጨው ጀምሮ ሳህን ላይ እስኪወጣ ድረስ ከባለቤቱ በስተቀር የማንም እጅ አይነካውም፤ ጨውም ቢሆን ሌላ ሰው አይቀምስለትም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሚስቱን «እስቲ ጨው ቅመሺልኝ» ሲላት ተይዞ ተባሯል። ሰውየው «ኧረ የጣት ጫፍ ናት!» ብሎ ቢለምን፣ ዳኛው «የቀመሰው ምላስ የማን ነው?» ብለው ፈረዱበት። ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰውየው ግን ደግሞ አልመጣም።

የአባቴ ሥጋ የበግ ወርች ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ይዘፈዝፈዋል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ ኮምጣጤ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጨው። እያሸ እያለ ጣቶቹን ወደ አፍንጫዬ ያስጠጋና «እስቲ ምን ምን ይላል?» ይለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ «ሽንኩርት... ኮምጣጤ በዝቷል» እላለሁ። «ጎበዝ!» ይለኛል፤ ደስ ይለኛል። የሚፈትነኝ ይመስለኝ ነበር።

እየፈተነኝ አልነበረም፤ እየጠየቀኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ቲነር ሲምግ የኖረው አፍንጫው ሞቶ ነበር። ምላሱም አፍንጫውን ተከትሎ ሄዷል፤ ጨው እንኳ የሚሰማው ከልክ ሲያልፍ ነው። አባቴ ይህን ለማንም አልተናገረም። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው በዚያች በአንዲት ነገር፣ በእጁ ሙያ ነው፤ እሷን ካጣሁ ምን ይቀረኛል ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ያኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም።

ዘፍዝፎ ሲጨርስ ባለክዳኑን ድስት ፍሪጅ ውስጥ ያስገባና ወደኔ ዞር ይላል።

«ዘበኛዬ!»

«አቤት!»

«ማንም አይነካውም!»

«ማንም!» ብዬ እንደ ወታደር እጄን ግንባሬ ላይ አደርጋለሁ። እሱ እየሳቀ ነበር የሚሾመኝ። እኔ ግን ሹመቴን የምር ይዤዋለሁ። ፍሪጁን ሰው ሲከፍት ባየሁ ቁጥር «ምን ፈልገህ ነው?» እላለሁ፤ ውሃ ሊጠጣ የመጣ እንግዳ እንኳ ሳይቀር።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልምጣ። ቅዳሜ፣ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ልደት ነበር። አዲስ የተገዛላት ብስክሌት አለ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ አለ ተብሎ ወሬው ትምህርት ቤቱን ሞልቶታል። አክስቴ «አትሄጂም» አለች። ከሰኞ ጀምሮ ያስለኝ ነበር። «ደረትሽ ሳይለቅሽ የትም አትሄጂም፣ አለቀ።» አለቀስኩ፣ ተንፈራፈርኩ፣ ምግብ አልበላም አልኩ። «ረሃብ ሲነካሽ ትመጫለሽ» አለችኝ። አኮረፍኳት። ስታናግረኝ ጀርባዬን እሰጣታለሁ፤ ጸጉሬን ስትነካኝ አንገቴን አደነድናለሁ። ቅዳሜ ማታ ትኩስ ወተት በማር አምጥታ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። እያየችኝ አልጠጣሁትም። ስትወጣ ጠጣሁት።

እሑድ ጠዋት አባቴ ከሰል ሊገዛ ወጣ። እኔ ኩርፊያዬን ይዤ ከጓሮው የውሃ ታንከር ጀርባ ተቀምጫለሁ። ከዚያ የማድ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ይታያል። አክስቴ ፍሪጁን ከፈተች፤ ድስቱን አወጣች። ክዳኑን አንስታ የጣቷን ጫፍ ነከረችና ቀመሰች። ፊቷ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አባቴ ያሰናዳውን መዘፍዘፊያ በሙሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ገንዳው ውስጥ ደፋችው። ወርቹን በቧንቧ ውሃ አጠበችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በንጹሕ ጨርቅ አደራረቀችው። ከመደርደሪያ ትንሽ የቅመም ብልቃጥ አወጣች፣ ሽንኩርት ወቀጠች፣ ሎሚ ጨመቀች፣ በሁለት እጇ አሸችው። ጥድፊያዋ የሌባ ነበር፤ በየደቂቃው ወደ በሩ ታያለች።

መጮህ አልቻልኩም።

በዚህ መሀል የጥርስ ሐኪሙ ዶሮውን በሳፋ ይዞ ቀድሞ መጣ። በጓሮ በኩል ገባና የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመ። ጆሮዬን አቆምኩ።

«ዛሬም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዛሬም» አለች አክስቴ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታደርጊው? አንድ ቀን እኮ ጉዱ ይወጣል።»

«አንተ ብቻ አፍህን ያዝ፣ ዶክተር። እኔ እያለሁ ምንም አይሆንም።»

«ልጅቷስ? ሁሌ ፍሪጁ ሥር ናት።»

አክስቴ ሳቀች። «ልጅቷ ምን ታውቃለች!» አለች።

ይህን ሳቅ አልረሳውም። ሐኪሙ እንዴት እንዳወቀ በኋላ ራሱ ነግሮኛል፤ አባቴን ጥርሱን ሲያክመው የቅርንፉድ ዘይት ያለበትን ጥጥ ከአፍንጫው ሥር ይዞ ነበር፤ ክፍሉን የሚያውደውን ሽታ አባቴ አልሰማውም። ለአባቴ መንገር ከብዶት ለአክስቴ ነገራት። እሷ ደግሞ ከሱ በፊት አውቃ ኖሯል፤ ስንት ወር ሙሉ ወርቹን ስታድን ኖራለች። ያኔ ከታንከሩ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ግን የሰማችው ሌላ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አባቷን ጉድ ሊሠሩት ይዶልታሉ፤ እሷን ደግሞ ምን ታውቃለች ይሏታል። ዘበኛዋን! ደሜ ፈላ።

አሁን እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አባቴ ከሰሉን ይዞ ሲመለስ ብቻውን ላገኘው እችል ነበር። ከሰሉን ሲያቀጣጥል አጠገቡ ቆሜያለሁ። ፍሙን እስኪያራግብ፣ ፍርግርጉን እስኪወለውል፣ ወርቹን አውጥቶ «እሰይ፣ እንዴት ያለ ነው!» እስኪል ድረስ አጠገቡ ነበርኩ። አልነገርኩትም። ሰው እስኪሞላ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ዓይነት ብልጠት አያንስም፤ ዛሬ አስተማሪ ሆኜ በየቀኑ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ፊት ለፊት ስለምቆም አውቀዋለሁ።

ያ እሑድ ደግሞ ተራ እሑድ አልነበረም። ፍመኞቹ በዓመት አንዴ የዓመቱን እጅ ይመርጣሉ፤ ለተመረጠው ዳኛው ያሠሩትን የነሐስ ጉጠት ይሸልሙታል። ፍም የሚነካበት አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። የዳኛው ሥጋ ቀርቦ፣ እንደ ልማዱ አርሮ፣ «ቀለሙ ደስ ይላል» ተባለ። የጋጋሪዋ ጎድን ተበላ፤ የሐኪሙ ዶሮ አጥንቱ ሳይቀር ተጋጠ። በመጨረሻ የአባቴ ወርች መጣ። ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ጢሱ ሽቅብ ይወጣል። አባቴ ቆረሰላቸው። ሁሉም እያኘከ ነው።

«አቤት አቤት!» አለች ጋጋሪዋ ዓይኗን ጨፍና። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው!»

ዳኛው አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው ተነሱ። የነሐሱን ጉጠት ከካርቶኑ አወጡ። አባቴ እንደ ሙሽራ አቀርቅሯል፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። ዛሬ ሳስበው በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አክስቴ የውሃ ማሰሮ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ የሹራቤን ቁልፍ ቆለፈችና «ደረትሽን ሸፍኚ አላልኩሽም? ቁንጥንጥ!» አለችኝ። ሐኪሙ ሳቀ። የሳቀው በኔ መሰለኝ።

«አባዬ አይደለም የሠራው!» አልኩ።

ዳኛው ጉጠቱን እንደያዙ ዞረው አዩኝ። «ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«አባዬ አይደለም! አክስቴ ናት። ጠዋት የአባዬን ሁሉንም ደፋችው። ሥጋውን በቧንቧ አጠበችው። ከዚያ የራሷን ቀባችው። በዓይኔ አይቻለሁ! ዶክተርም ያውቃል!»

ጋጋሪዋ የጎረሰችውን ይዛ ቀረች። አባቴ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ የልጅ ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ወደ እህቱ አየና ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

ዳኛው ጉጠቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እስቲ አንቺ ተናገሪ» አሏት። «ልጅቷ ያለችው እውነት ነው?»

አክስቴ ማሰሮውን አላስቀመጠችም። አባቴን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ትንሽ ቆየ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም።

«እውነት ነው» አለች።

«ቆዩማ፣ ነገሩ እንደዚህ አይደለም...» ብሎ ሐኪሙ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ዶክተር፣ አንተን የጠየቀህ የለም!» አለችው። እንደዚያ በጩኸት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀንቼበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ማድ ቤት የምውል እኔ፤ በወር አንድ ቀን ጓሮ ወጥቶ የሚመሰገን እሱ። የኔ እጅ ከሱ እንደማያንስ ላሳይ ብዬ ነው።»

ውሸቷን ነበር። ወይም እኔ ውሸቷን ነበር ብዬ ኖሬያለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እጅሽን ይባርከው ያላት ሰው ስለማላስታውስ አንዳንድ ጊዜ እጠራጠራለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ ዋናውን አልተናገረችም። ወንድሜ ጨው አይለይም፤ ያልታጠበ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማናችሁም አትውጡትም ነበር አላለችም።

«ስንት ጊዜ?» አለ አባቴ።

«ብዙ ጊዜ፣ ወንድም ጋሼ።»

አባቴ ሽርጡን ከወገቡ ፈታ። «እኔ በሰው ፊት የቆምኩት...» አለና አልጨረሰውም። «በገዛ ቤቴ! በገዛ እህቴ!» ሽርጡን መሬት ላይ ጣለው። «ከዛሬ ጀምሮ እጅሽን በድስቴ ላይ እንዳላይ። በቤቴም እንዳላይ!»

«እሺ» አለች አክስቴ። ማሰሮውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ውስጥ ገባች።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። ዳኛው ጉጠቱን ወደ ካርቶኑ መለሱት። አባቴ ካጠገቡ አስቀመጠኝና ከወርቹ ትልቁን ቁራጭ ሰጠኝ። «አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግረኝ ነበር?» አለኝ። በላሁት። እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጣቴን ላስኩ።

አክስቴ ረቡዕ ሄደች። ከመሄዷ በፊት የትምህርት ቤት ሸሚዞቼን አምስቱንም ተኩሳ በየመስቀያቸው ሰቅላ፣ የሳል መድኃኒቴን ከነማንኪያው ራስጌዬ ላይ አስቀመጠች። አልጋዬ አጠገብ ስትቆም የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዳልተኛሁ ታውቃለች፤ ትንፋሼን ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀዋለች። አልቀሰቀሰችኝም።

ወሩ ሲደርስ አባቴ ፍመኞቹን በየቤታቸው ዞሮ ጠራ። እጄ ያለ ማንም እንደሚሠራ ያያሉ ብሎ ነው። ቅዳሜ ዘፈዘፈ፤ እኔን ሾመኝ፤ እኔም ጠበቅሁ። ማንም አልነካውም። እሑድ ሁሉም መጡ፤ እምቢ ማለት ቸግሯቸው ይመስለኛል። አባቴ ቆርሶ ለየሳህናቸው ሰጣቸው፤ ለኔም። ጎረስኩ። ጨው ነበር፤ ጨው ብቻ። ምላሴ ተኮማተረ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቀና ብዬ እንግዶቹን አየሁ። ጋጋሪዋ ውሃዋን በአንድ ትንፋሽ ጨልጣ «እ... እጅህን ይባርከው» አለች። ዳኛው ረዥም ጊዜ አኘኩ፤ «ጠንካራ አሠራር ነው» አሉ። ሐኪሙ እያላበው በላ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁሉም ባይገባኝ፣ የሚበቃኝን ያህል ገባኝ። የቧንቧው ውሃ፣ የተጨማደደው ፊቷ፣ «እኔ እያለሁ ምንም አይሆንም» ያለችው፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። የጎረስኩትን ዋጥኩት።

ሰው ከሄደ በኋላ አባቴና እኔ ሳህን እንሰበስብ ነበር። አባቴ የጋጋሪዋን ሳህን አነሳ። የዳቦ ፍርፋሪውን ገለጥ ሲያደርገው ሥጋው ከሥር አለ። የዳኛውን አነሳ፤ በመሐረብ ወረቀት ተሸፍኖ እዚያም አለ። ከቁራጩ አንዱን አንስቶ ጎረሰ። አኘከ፣ አኘከ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓይን ለዓይን አየኝ።

«ምን ሆኖ ነው ያልበሉት?» አለኝ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

አፌ ውስጥ ጨው እያለ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ጠግበው ነው» አልኩት።

ለዚህኛው ዕድሜዬን ቀድሜ አልናገርም። የመጀመሪያውን ሳደርግ አላውቅም ነበር እላለሁ፤ ሁለተኛውን ሳደርግ አውቅ ነበር። እውነቱን ብናገር አክስቴን ያለ ጥፋቷ ማስወጣቴ ሊታወቅ ነው። ያ ደግሞ አስፈራኝ። ለራሴ ስል፣ ያልተበላ ሳህን እንደያዘ አባቴን ሸወድኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሐኪሙ አልቻለም፤ ነገረው። አባቴ ያን ቀን በጊዜ ከጋራዥ መጥቶ እስኪመሽ ጓሮ ተቀመጠ። በማግስቱ በአውቶቡስ አክስቴ ወዳለችበት ከተማ ሄደ፤ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጥራ ነበር። ብቻውን ተመለሰ። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ያን ደንብ ከግድግዳው ነቅሎ በርሜሉ ውስጥ አቃጠለው፤ በርሜሉንም በማግስቱ ወደ ጋራዥ መለሰው። ቢቆጣኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ለምን ጠግበው ነው አልሽኝ?» አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዘበኛዬ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ወንድምና እህት በስልክ ይገናኙ ነበር። አክስቴ ስትደውል ሁሌ «ልጅቷስ? ስጠኛ» ትላለች። እኔ ደብተር አንስቼ እወጣለሁ፣ ሻወር ቤት እገባለሁ፣ በኋላም ስብሰባ አለብኝ እላለሁ። በየክረምቱ ሹራብ ትልክልኛለች፤ ልኬን ሳትጠይቅ ልክክ ይላል። አመሰግናለሁ ብዬ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩላትም። ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ሰው ካፈረ ይህን ያህል መሸሽ ይችላል።

አምና አባቴ ሞተ። አክስቴ ለቀብር መጣች፤ አጥራ፣ ጸጉሯ ነጥቶ፣ በምርኩዝ። ስትመለስ ብቻዋን ልልካት ከብዶኝ ሸኘኋት። ሁለት ክፍል ቤት አላት፤ ከጀርባው አንድ ሰው የሚያቆም ጓሮ አለ። ሻንጣዋን ሳታራግፍ ትንሽ የከሰል ምድጃ አውጥታ አቀጣጠለች። «አፍሽ እህል ሳይነካ አትሄጂም» ብላ ዶሮ መጥበስ ጀመረች። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጀርባዋን አያለሁ። ፊቷን ባላይ ይቀለኛል ብዬ ነው ወሬውን የጀመርኩት።

«አክስቴ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ለአባዬ ተቆርቁሬ አልነበረም።»

«የቱን ቀን?» አለች፤ የቱን እንደሆነ እያወቀች።

«ልደቱን ስለከለከልሽኝ ነው። ላናድድሽ... ልጎዳሽ ፈልጌ ነው። ሰው እስኪሰበሰብም አውቄ ነው የጠበቅሁት።»

ዶሮውን ገለበጠችው። «አውቃለሁ» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ አልነበር? አንቺን የማላውቅ መሰለሽ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ጨው አይለይም ብትዪ እኮ...»

«ብልማ አባትሽ በሰው ፊት ይዋረዳል። እሱስ ይሁን፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ያልፍለታል።» ወደኔ ዞረች፤ ጭሱ ዓይኗን አስለቅሶታል። «ያዋረደችው ግን ማን ልትሆን ነው? አንቺ። ሰውየው እኮ ዕድሜ ልኩን ባየሽ ቁጥር ያን ቀን ያስታውስ ነበር። እናት የለሽም፤ ያለሽ እሱ ነው። ሁለታችሁ ከምትቀያየሙ እኔ ብሄድ ይሻላል አልኩ። ሊመልሰኝ የመጣ ጊዜም ይህንኑ ነው ያልኩት፤ እኔ ከተመለስኩ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል አልኩት። እሷ ልጅ ናት፣ አክስት ትረሳለች አልኩ።»

አልረሳሁሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። ሃያ አምስት ዓመት ስልኳን ስሸሽ የኖርኩ ሰው ይህን በየት በኩል ልናገረው? «ጠግበው ነው» ያልኩትንም ልነግራት ነበር የመጣሁት። እሱንም ዋጥኩት።

አክስቴ ዶሮውን ሳህን ላይ አወጣች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«በይ ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችኝ።

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።